ቤቱ ጠበበ ወይስ ደጁ ጠፋ?

በሰሜን ሸዋ፣ በሰላ ድንጋይ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በድንጋይ ተክበው፣ በሣር ተከድነው የቆሙ ክብ ቤቶች ዛሬም አሉ። የአንዱ ቤት ወለል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 5 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 20 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች «ስቱዲዮ» የሚባለው ቤትም 20 ካሬ አካባቢ ነው። ቶኪዮ ላይ አንድ ተማሪ ወይም ጀማሪ ሠራተኛ የሚከራየው አፓርታማ ደግሞ ማብሰያውና መታጠቢያው ተጨምሮ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ካሬ ቢሆን ነው። ሦስቱ ቤቶች በሜትር ሲለኩ እኩያ ናቸው፤ ነዋሪዎቻቸው ግን እኩል አያማርሩም። የስቱዲዮው ባለቤት «ታፈንኩ» ይላል። በሣር ቤት ውስጥ አምስት ስድስት ልጅ ያሳደገው የሰላ ድንጋይ ገበሬ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ መንገዱ ያማርር ይሆናል እንጂ ስለ ቤቱ ጥበት ሲያነሳ እምብዛም አይሰማም።

ነገሩ የመልመድና ያለመልመድ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሰላ ድንጋይ የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የንጉሡ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ስለነበረች፣ በዚያን ጊዜ ሸዋን ከጎበኙ አውሮፓውያን አንዳንዶቹ ስሟን ጽፈዋል። አገሩ ደጋ ነው። ገብስና በግ ይስማማዋል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ ጧት ጧት ሣሩን ነጭ ያለብሰዋል። ቤቱም ለዚሁ ብርድ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ካለም ትንሽ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ምድጃውን ነው። በግድግዳው ጥግ መደቡ ተለስኖ ይዞራል። መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ማታ አልጋ ነው፤ የሌሊት ዝተቱና ቁርበቱ ጧት ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ይወጣና እንግዳው፣ ባለቤቱ ባደረበት ቦታ ላይ «እረፍ» ተብሎ ይቀመጣል። እህሉ በጎታ፣ ዕቃው ከግድግዳው በተንጠለጠለ እንጨት ላይ ነው። ግልገሎችም ሲመሽ የራሳቸው ጥግ አላቸው። ከወለሉ ላይ አንድም ክንድ ያለ ሥራ የተቀመጠ ቦታ የለም።

ዋናው ነገር ግን ከበሩ ውጭ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ቤቱ ባዶ ይሆናል። እህሉ ደጅ ይሰጣል፣ ይበጠራል። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ይሯሯጣሉ፣ አዛውንቱ የድንጋዩን ካብ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ጎረቤትም ወሬውን በአጥር ላይ ያቀብላል። ሠርግ ወይም ተዝካር ሲመጣ ዳስ ይጣላል፤ መቶ እንግዳ የሚስተናገደው 20 ካሬው ውስጥ አይደለም። ገበሬው ስለ ጥበቱ የማያማርረው ትዕግሥቱ በዝቶ አይደለም፤ የሚኖረው ግቢው ውስጥ ስለሆነ ነው። ቤቱ መኝታውና ምድጃው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቤት ያለባት ጃፓንና ሰሜን ሸዋ ትውውቃቸው የቆየ ነው። በ1924 ዓ.ም. የልዑካን ቡድን መርተው ወደ ጃፓን የተጓዙት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐ ቤቴ ሰው ናቸው። ከጉዟቸው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ለአገራቸው አንባቢ አበርክተዋል። ከዚያ ጉዞ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የታወጀው የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም አርአያው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓለም ዓይኑን ቶኪዮ ላይ ሲያሳርፍ፣ በሸዋ ደጋ ጃቶ በተባለች መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘው በዚያችው ከተማ ጎዳና ላይ ነው። በኋላም ካይዘን የተባለውን የጃፓን የሥራ ዘዴ የሚያስተምር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ብዙ ፋብሪካና መሥሪያ ቤት ስለ ዕቃ አደራደር ሠልጥኗል። ከጃፓን ሕግም የሥራ ዘዴም ተቀድቷል፤ ትንሹን ቤት እንዴት እንደሚኖሩበት ግን የጠየቀ ጥቂት ነው።

ጃፓኖች የክፍልን ስፋት በታታሚ ይቆጥራሉ። ታታሚ ከሩዝ ገለባና ቄጤማ ከሚመስል ሣር የሚሠራ ወፍራም የወለል ምንጣፍ ነው፤ ርዝመቱ 1.8 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ 6 ታታሚ ክፍል ወደ 10 ካሬ ሜትር ይመጣል ማለት ነው። ልኩ ግን እንደየአገሩ ይለያያል፤ የኪዮቶው ሰፋ፣ የቶኪዮው ጠበብ ይላል፣ ለጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተብሎ የሚሠራው ደግሞ ከሁሉም ያንሳል። ስለዚህ «6 ታታሚ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ የተከራየ ሰው ሜትር ይዞ ሲገባ ቅር ሊለው ይችላል።

ጥንታዊውን ሥርዓት በያዘ ክፍል ውስጥ አልጋ የለም። ፉቶን የሚባለው ስስ ፍራሽ ማታ ይነጠፋል። ጧት ሦስት ቦታ ይታጠፍና በግድግዳው ውስጥ ወደተሠራው ጥልቅ ቁም ሳጥን ይገባል፤ ፀሐይ ያለ ቀን በረንዳው ላይ ተሰጥቶ ይመታል፣ አቧራው ይራገፋል። ፍራሹ በነበረበት ቦታ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ መኝታ ቤቱ በዚያው ቅጽበት ሳሎን ሆነ ማለት ነው። የብርዱ ወቅት ሲገባ ኮታትሱ ይመጣል። ይህ ከሥሩ ማሞቂያ የተገጠመለት፣ ዙሪያውን ብርድ ልብስ የለበሰ ጠረጴዛ ነው፤ ቤተሰቡ እግሩን ከሥሩ ከትቶ ይበላል፣ ያጠናል፣ ቴሌቪዥን ያያል። የሚሞቀው ክፍሉ ሳይሆን ሰዉ ነው። ምድጃ ዙሪያ ጋቢውን ተከናንቦ ላደገ የሰላ ድንጋይ ልጅ ይህ አስተርጓሚ አያሻውም። ጫማን በር ላይ ማውለቅም ቤተ ክርስቲያን ስሞ ላደገ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ዛሬ በአዳዲሶቹ አፓርታማዎች ወለሉ ጣውላ የሆነው፣ አልጋ የሚጠቀመው ሰውም በዝቷል፤ ዕቃን አሳንሶ ቦታን ደጋግሞ መጠቀሙ ግን እንዳለ ነው።

ከኢትዮጵያ ለትምህርት ወደ ጃፓን የሄዱ ብዙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የጃፓን መንግሥት ለአፍሪካ ወጣቶች ይፋ ያደረገው የኤ ቢ ኢ ኢኒሼቲቭ ስኮላርሺፕ አንዱ መንገድ ሆኗል። በቶኪዮ ምሥራቃዊ ክፍል ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ በተባለው ሠፈር አካባቢ ደግሞ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ተሰባስቦ ይኖራል፤ እንጀራ የሚበላበት ምግብ ቤትም አለ። እዚያ ለሚገባ እንግዳ የሚያስቸግረው ከስፋቱ ይልቅ ደንቡ ነው። ገና ሳይገባ ማስያዣ ይከፍላል፤ በብዙ ቦታ ለአከራዩ የምስጋና ተብሎ የሚሰጥና የማይመለስ ገንዘብም አለ። ዋስ ይጠየቃል። ቆሻሻው በዓይነቱ ተለይቶ በተመደበለት ቀን ብቻ ይወጣል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ከአገር ቤት ጋር እኩለ ሌሊት ላይ «ሃሎ! ይሰማል?» እያሉ መጮህ ጎረቤትን ያስቆጣል። የሚለምደው ሰው ግን ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ያስተውላል፤ ግማሹ ኑሮው ከቤቱ ውጭ ነው።

ቤቱ ማጠቢያ ማሽን ባይኖረው ልብሱን በሳንቲም በሚሠራ የሠፈር ማሽን ያጥባል። ማቀዝቀዣው ትንሽ ቢሆንም ጥግ ላይ ያለው ሱቅ 24 ሰዓት ክፍት ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ፣ መናፈሻው፣ ባቡር ጣቢያው በእግር ይደረስባቸዋል። ቀድሞ ይህ ይበልጥ ጎልቶ ይታይ ነበር። ብዙዎቹ የቶኪዮ የእንጨት አፓርታማዎች መታጠቢያ አልነበራቸውም፤ ነዋሪው ፎጣውን አንጠልጥሎ ሴንቶ ወደሚባለው የሠፈር መታጠቢያ ቤት ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 በመላ አገሪቱ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ሴንቶዎች ነበሩ። ዛሬ ከ2 ሺህ ያነሱት፣ ሰው ሁሉ መታጠቢያውን ቤቱ ውስጥ ስላገኘ ነው።

የጃፓን መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ የቤት ችግሩን ለመቅረፍ ሲነሳም ይህን ከቤት ውጭ ያለ ኑሮ አልዘነጋም። እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው የጃፓን የቤቶች ኮርፖሬሽን «ዳንቺ» የሚባሉትን የጋራ መኖሪያ መንደሮች ገነባ። ቤቶቹ ትናንሽ ነበሩ፤ ፈላጊው ብዙ ስለነበረ የሚገባው ሰው የሚለየው ለአዲስ አበባ አንባቢ በሚገባው መንገድ፣ በዕጣ ነበር። ንድፉ መመገቢያውን ከመኝታው ለየ። ከሕንፃ ሕንፃ ያለው ርቀት ደግሞ በዘፈቀደ አልተተወም፤ ቀኑ አጭር በሆነበት የብርድ ወቅት እንኳ እያንዳንዱ ቤት አራት ሰዓት ያህል ፀሐይ እንዲያገኝ ተደርጎ ተሰላ። በመሐል የተረፈው መሬት የልጆች መጫወቻና አረንጓዴ ቦታ ሆነ። ቤቱን ሲያሳንሱ ደጁን አተለቁት።

ሁሉም አልተሳካላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1972 አርክቴክቱ ኪሾ ኩሮካዋ ቶኪዮ ላይ የሠራው ናካጊን ካፕሱል ታወር እያንዳንዳቸው 10 ካሬ ሜትር ገደማ የሆኑ 140 ክፍሎች ነበሩት። ክፍሎቹ በየጊዜው እየተነቀሉ እንዲታደሱ ታስቦ ነበር፤ አልታደሱም። ውሃው አንጠባጠበ፣ ነዋሪዎቹ ሳይስማሙ ዓመታት አለፉ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕንፃው ፈረሰ። ብቻቸውን ኖረው ብቻቸውን የሚሞቱ አረጋውያን ጉዳይም የጃፓን ራስ ምታት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ መኖር ዋጋ ያስከፍላል።

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየም። የተቀናጀው የቤቶች ልማት ፕሮግራም አዲስ አበባ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ተስፋፋ። በመጀመሪያው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ የ2005ቱ ምዝገባ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ጎተራ፣ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እያለ ከተማው በሕንፃ ተሞላ። ለብዙ ሺህ ቤተሰብ የራሱ ሽንት ቤት፣ የራሱ ቧንቧና የራሱ ካርታ ያገኘበት የመጀመሪያው ዕድል በመሆኑ ይህን ማቃለል ነውር ነው። ፕሮግራሙ ወደ ክልል ከተሞችም ወርዶ ነበር።

የፕላኑ ባለሙያዎችም ደጅን ጨርሰው አልረሱም። በየሳይቱ የጋራ መገልገያ ሕንፃ እንዲኖር አደረጉ፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት። ሐሳቡ ትክክል ነበር። በተግባር ግን ከነዚህ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ሱቅ፣ መጋዘን፣ ቢሮ ወይም የሚከራይ ቤት ሆኑ፤ ሌሎቹ ተቆልፈው ቀሩ። ግቢው የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ስለዚህ ደጅ ይሠራ የነበረው ሥራ ሁሉ ደረጃ ወጥቶ ቤት ገባ። ከሰሉ ኮሪደር ላይ ይቀጣጠላል። በርበሬው ደረጃ ላይ ይሰጣል፣ የሚወርደውም የሚወጣውም ያስነጥሳል። የፋሲካው በግ በዋዜማው መታጠቢያ ቤት ታስሮ ሌሊቱን ይጮሃል። ምጣዱ ሲሞቅ እንፋሎቱ መኝታው ላይ ያርፋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሙቀጫ ሲመታ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሕፃን ይነቃል። ኮንዶሚኒየሙ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሆነ፤ ዘመናዊ ቤት እሰጣለሁ ሲል የቆየውን ደጅ ጣለ።

ጥፋቱ የመንግሥት ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም። ዕጣ የወጣለት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገውን ማየት ነው። ኤል ሼፕ ሶፋ ይገዛል። ሶፋው በደረጃው ስለማይታጠፍ አራት ጎረምሶች በገመድ አስረው በበረንዳ በኩል እየጮሁ ያወጡታል። ቀጥሎ 1.80 በ2 ሜትር የሆነ አልጋ ይገባል፤ ይህ ብቻውን 3.6 ካሬ ነው። ሶፋው ከ3 ካሬ በላይ ይይዛል። ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወርዱ ብርጭቆዎች የሚደረደሩበት ቡፌ ሲጨመር የዕቃው ድምር ወደ 9 ካሬ ይደርሳል። ከስቱዲዮው ሽንት ቤቱና ማብሰያው ሲቀነስ ከቀረው ክፍል ከግማሽ የሚበልጠውን የያዘው ዕቃ ነው። ሰዉ በዕቃው መሐል ጎኑን አዙሮ ያልፋል፣ ከዚያም ቤቱ ጠባብ ነው ይላል። አያቱ በመደብ ላይ 20 እንግዳ ባስቀመጡበት ስፋት እሱ አራት ሰው ማስቀመጥ ያቅተዋል።

«ይህ የድህነት ስብከት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሙግቱም ክብደት አለው። ጃፓናዊው ወጣት በ20 ካሬ የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የአማራ ክልል አንድ ቤተሰብ በአማካይ 4.3 ሰው ነበረው። የኢትዮጵያ ቤት ማኅበር ይጠጣበታል፣ ለቅሶ ይደረስበታል፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ ወር ያድርበታል። ፍራሽ አጣጥፎ መኖርም ለብዙ ሰው የችግር ዘመን ትዝታ እንጂ ሥልጣኔ አይደለም፤ ሶፋውን የሚገዛው ከዚያ ዘመን መውጣቱን ለማሳየት ጭምር ነው። ይህን መናቅ አይገባም። ነገር ግን ማኅበሩም፣ ለቅሶውም፣ የዘመድ ማደሪያውም ድሮም በ20 ካሬ ውስጥ ብቻ አልተሠራም። 20 ካሬውን 40 ማድረግ ለአንድ ቤተሰብ ይጠቅማል፤ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ማስቀረት ለሕንፃው ሁሉ ይጠቅማል። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ሁለተኛው ይቅደም።

ለሰላ ድንጋይ ሰው ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ልጆቿ ለትምህርትም ለሥራም ደብረ ብርሃን ይወርዳሉ። ዩኒቨርሲቲው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ፋብሪካዎቹ ሰው ሲጠሩ ከተማዋ ሰውን የምታስጠጋው በሰርቪስ ቤት ነው። በአንድ ግቢ ተደርድረው የተሠሩ አምስት ስድስት ክፍሎች፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ክፍሉ ሲከፈት ፍራሽ መሬት ላይ፣ ከመሐል የተዘረጋ መጋረጃ፣ ጥግ ላይ ኤሌክትሪክ ምድጃና ቢጫ ጀሪካን፣ በር ሥር የተደረደረ ጫማ ይታያል። ሁለት ሦስት ሆነው የተከራዩ ጓደኛሞች ጧት ፍራሹን ጠቅልለው ግድግዳ ያስደግፉና ባዶውን ወለል ማጥኛና መብያ ያደርጉታል። ስሙን ሳይሰሙት በጃፓኖቹ ዘዴ እየኖሩ ነው። ከፎቁ ስቱዲዮ የሚሻላቸውም ግቢው ነው፤ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ፣ ቡና የሚፈላበት ጥላ፣ ከጎረቤት ጋር የሚወራበት ደፍ አላቸው። የማይሻላቸው ደግሞ ውሃ ሲያበዙና እንግዳ ሲያሳድሩ የሚቆጣ አከራይ መኖሩ፣ ኪራዩም በአንድ ቃል መጨመሩ ነው።

ሰላ ድንጋይ ራሷም እየተለወጠች ነው። የመንግሥት ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ነጋዴው ቤት ይፈልጋል፤ የእርሻ መሬት ሳይነካ ከተማ ለማሳደግ ወደ ላይ መሥራት አንድ ቀን አይቀርም። ያን ጊዜ የአዲስ አበባው ፕላን እንዳለ ተገልብጦ ከመጣ ስሕተቱም አብሮ ይመጣል። ከደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ከፍታ እስከ ሰላ ድንጋይ ባለው ደጋ ላይ ፀሐይ የማያገኝ ክፍል ማቀዝቀዣ ነው፤ የዳንቺ መሐንዲሶች የተጨነቁለት የፀሐይ ስሌት እዚህ ከቶኪዮ ባላነሰ ያስፈልጋል። ድንጋዩና ድንጋይ ጠራቢው አካባቢው ላይ አለ፤ ወፍራም ግድግዳ ብርድንም ድምፅንም ይከላከላል። ከግድግዳው ጋር የተሠራ መደብና ጥልቅ ቁም ሳጥን ያለው ቤት ሶፋና ቡፌ አይጠይቅም፤ የአገሬው አናጢ ይህን ለመሥራት የሚያንሰው እንጨትና አዛዥ እንጂ ሙያ አይደለም። የጋራ መገልገያውን ቤት ደግሞ ሕግ ይጠብቀው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያው የሁሉም ባለቤቶች መሆኑን፣ በማኅበራቸውም እንደሚተዳደር ይናገራል፤ ለኪራይ ተብሎ ሲወሰድ ዝም ያለ ነዋሪ መብቱን ራሱ ነው የተወው።

ለዕጣ ባለቤቶች የሚባለው አጭር ነው። ሶፋው ከመገዛቱ በፊት ወለሉ ይለካ፤ ቡፌው ለሚመጥን ቤት ይቆይ። ለወረዳና ለከተማ ማዘጋጃ ቤቶች፣ ፕላን ለሚያጸድቁ መሐንዲሶችም የሚቀርበው ጥያቄ ከካሬ ሜትር ይቀድማል፤ እንጀራው የት ይጋገራል? ልብሱ የት ይሰጣል? አዛውንቱ የት ፀሐይ ይሞቃሉ? ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑ የት ይተከላል? ለነዚህ መልስ የሌለው ፕላን ሳይጸድቅ ይመለስ።